የሚያልሙ ልጆች አሉን፤ አርታኢ እንቅጠርላቸው

በጠፈር መርከብ ውስጥ ያለ ሰው «ከቀኑ ስድስት ሰዓት» ሲል ምን ማለቱ ነው? እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ተነሥተን ነው። ፀሐይ በማትወጣበትና በማትጠልቅበት መርከብ ላይ ያሉ ኢትዮጵያውያን ቀናቸውን ከምን ይጀምራሉ? «2110 ዓ.ም.» የተባለውስ በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጅ? ጾመኛ ካለ የሚገድፈው መቼ ነው? ረመዳንን የሚጾመውስ የየትኛውን አገር ሰማይ አይቶ ያፈጥራል? እነዚህን ጥያቄዎች በአንድ ወጣት ረቂቅ ኅዳግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጽፌ መለስኩለት።

ልጁ ረቂቁን አስተካክሎ ሲመጣ መርከቡ ላይ አንድ መሪጌታ ተሳፍረዋል። በባሕረ ሐሳብ እያሰሉ የጾሙንና የበዓሉን ቀን የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ከጎናቸው ደግሞ የጨረቃን መውጣት በኮምፒውተር የሚከታተል የአርጎባ ልጅ፣ የመርከቡ መሐንዲስ፣ ተቀምጧል። ሁለቱ በሰዓት ጉዳይ ሲከራከሩ ያመሻሉ። ከዚያ በፊት መርከቡ በየፊልሙ የምናየው የፈረንጅ መርከብ ነበር፤ አሁን የይፋት ሰዎች የተሳፈሩበት ሆነ። መሪጌታውንም መሐንዲሱንም ልጁ ድሮም ያውቃቸው ነበር። የሚጠይቀው ሰው ነበር ያጣው።

በአማርኛ ሳይንሳዊ ልብ ወለድና ፋንታሲ ሥር ያልሰደደው ሕልም የሚያልም ስለጠፋ አይደለም። የሚጠይቅ፣ የሚያርም፣ አንዳንዴም «ይህ ገና አልበሰለም» ብሎ የሚመልስ፣ ለዚህም ሥራው የሚከፈለው አርታኢ ስለሌለን ነው። ይህን የምለው ችግሩን በየሳምንቱ ስለማየው ነው።

እኔ በይፋት፣ ሸዋ ሮቢት ላይ አማርኛ አስተምራለሁ። ከትምህርት ሰዓት ውጭ በቴሌግራም፣ በፍላሽ፣ ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት የሚመጣልኝን የወጣቶች ጽሑፍ አያለሁ። ከተማችንን ብዙ ሰው የሚያውቃት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሲያልፍ ነው፤ ማንጎና ፓፓያ ገዝቶባት፣ በሙቀቷ ተማሮባት ይሄዳል። አለዚያም ስሟን የሰማው ከማረሚያ ቤቷ ወይም ከትምባሆ እርሻዋ ጋር ተያይዞ ነው። የልብ ወለድ አገር ናት ብሎ የሚያስባት ጥቂት ነው። ግን ከጣርማ በር ጉም ውስጥ ወጥቶ፣ ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ በአንዲት ጠዋት ከገብስ አገር ወደ ማሽላና ማሾ አገር ይገባል። ላይ ተከናንቦት የነበረውን ጋቢ ታች ሲደርስ አጣጥፎ ይይዘዋል። በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ዓለም ማለት ይህ ነው።

አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ያመጣችልኝ ረቂቅ በዚሁ ቁልቁለት ላይ የተሠራ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ የሮቢ ወንዝ ደርቋል። ጣርማ በር ላይ ጉም እየያዘ ወደ ውሃ የሚለውጥ ታላቅ ግንብ ቆሟል፤ ውሃው በቧንቧ ወደ ቆላው ይወርዳል። ሐሳቡን ወደድኩት። ዋናው ዓረፍተ ነገር ግን «ማሽኑ እጅግ በረቀቀ ቴክኖሎጂ ውሃ ያመርታል» ይላል። ከጎኑ ጻፍኩበት፦ ጉሙን የሚይዘው ምንድን ነው? ሲቆሽሽ ማን ያጥበዋል? ውሃው መጀመሪያ የሚደርሰው ለማን ነው? መጨረሻ ላይ ያለችው ማሳ ምን ይደርሳታል?

ልጅቷ ተቀይማ ሄደች። ተመልሳ ስትመጣ ግንቡ ቀርቶ በገደሉ አፍ ላይ የተዘረጋ መረብ ሆኗል። ሴቶች ጎሕ ሳይቀድ ወጥተው መረቡን ይጨምቃሉ፤ ጣታቸው በብርድ ይደነዝዛል። የጨመቁት ውሃ ቆላ እስኪደርስ በየቀበሌው ያልፋል፤ እያንዳንዱ ቀበሌ ትንሽ ትንሽ ይቀንስለታል። ተራ የሚያወጣው ማሽን ነው። ስሙንም «የውሃ አባት» አለችው።

በመስኖ ያደገ ሰው የውሃ አባትን ያውቃል። የቦዩን ተራ የሚያወጣ፣ ሌሊት ቦይ ሰብሮ ውሃ የጠለፈውን የሚቀጣ፣ ባለማሳዎቹ መርጠው የሾሙት ሰው ነው። ልጅቷ በአባቷ ሽንኩርት ማሳ ላይ ስትሰማው ያደገችውን ሹመት አንሥታ ለማሽን ሰጠችው። ወዲያው ሌላ ጥያቄ መጣ፤ ሰዎች ይህን ማሽን «አንተ» ይሉታል ወይስ «እርስዎ»? አማርኛ ይህ ሳይወሰን አፉን አይከፍትም። ብዙ ተነጋገርንበት፤ መልሱን ያገኘችው እሷ ናት። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ተራ ሲለምን «እርስዎ» እያለ ደጅ ይጠናዋል። ተራው ሲዘለል «አንተ ብረት!» ብሎ ይጮህበታል። ማሽኑ ለልመናውም ለስድቡም በአንድ ድምፅ ይመልሳል። ያንን ገጽ ደግሜ ባነበብኩት ቁጥር ሽማግሌው ያሳዝነኛል፤ ማሽኑ ያስፈራኛል። ጥሩ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የሚሠራው ይህንን ነው፤ የምናውቀውን ሰው ገና ካልመጣ ነገር ፊት ያቆመዋል።

የዚህ ዘርፍ አርታኢ ከሌላው የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ስለ መርካቶ የጻፈ ደራሲ ቢሳሳት መርካቶን የሚያውቅ አንባቢ ይይዘዋል። ያልነበረ ዓለም የፈጠረ ደራሲ ግን ከራሱ ሌላ ምስክር የለውም። በምዕራፍ ሁለት «ድግምቱ የሚሠራው በሌሊት ብቻ ነው» ካለ፣ በምዕራፍ አሥራ ዘጠኝ ጀግናው ሲጨንቀው በቀትር ሊሠራለት አይገባም። ከሠራለት አንባቢው መጽሐፉን አጥፎ ያስቀምጠዋል፤ ለምን እንደሆነ መናገር ባይችል እንኳ መታለሉ ይታወቀዋል። ስለዚህ አርታኢው የዚያን ዓለም ሕግ በወረቀት ይዞ ይቀመጣል። ከከተማ ከተማ በበቅሎ ስንት ቀን ያስኬዳል፣ ንጉሡ ሲነግሥ ዕድሜው ስንት ነበር፣ መርከቡ ስንት ሰው ይጭናል፣ እህሉ ከየት ይመጣል፣ ሁሉንም መዝግቦ ደራሲው ሲስት ይነግረዋል። አድካሚ ሥራ ነው። እኔ እወደዋለሁ።

በእኛ አገር ግን አርትዖት ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ፊደል ማረም ነው፤ «ሀ» እና «ሐ»ን መለየት፣ አራት ነጥብ ማስገባት። ማተሚያ ቤት ቀጠሮ የተያዘለት ረቂቅ ይመጣና «ቲቸር፣ ቶሎ ይዩልኝ» ይባላል። ፊደል ማረም ክቡር ሥራ ነው፤ ተራው ግን መጨረሻ ላይ ነው። ከሁሉ በፊት ታሪኩ በእግሩ መቆም አለመቆሙን የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል። ቀጥሎ ዓረፍተ ነገሩን አንድ በአንድ የሚያበጥር። ሦስቱን ሥራ ለአንድ ሰው በአንድ ሳምንት ሰጥቶ በመቅድሙ «ምስጋና» ሥር «ወንድሜ እገሌ ስላነበበልኝ» ብሎ ማለፍ ለመጽሐፉም ለሰውየውም በደል ነው።

ሙያው በሌላው ዓለም ምን እንዳስገኘ ማየት ይጠቅማል፤ እዚህ ላይ ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ዱን የተባለው የፍራንክ ኸርበርት ልብ ወለድ ስለ በረሃና ስለ ውሃ ነው፤ የሰው ላብ እንኳ ተጠራቅሞ የሚጠጣበት ፕላኔት። ሃያ ገደማ አሳታሚዎች መለሱት። በመጨረሻ በ1965 ያሳተመው ቺልተን ነው፤ ይህ ድርጅት የሚታወቀው በመኪና ጥገና መጻሕፍት ነበር። ስተርሊንግ ላኒየር የሚባል አርታኢው ታሪኩን በመጽሔት በተከታታይ ሲወጣ አንብቦ ደራሲውን ፈልጎ አገኘው። መጽሐፉ መጀመሪያ ገበያ አላገኘም፤ ላኒየርም ሥራውን አጣ። ዛሬ በዘርፉ እጅግ ከተሸጡት መጻሕፍት አንዱ ነው። የይፋት ቆላ ሰው ያንን መጽሐፍ ቢያነበው ባዕድ አይሆንበትም ነበር፤ ወደ አማርኛ በወጉ ቢመለስ ምኞቴ ነው።

ሌላዋ አርታኢ ጁዲ ሊን ዴል ሬይ ቁመቷ እጅግ አጭር ሆኖ የተወለደች ሴት ነበረች። በ1965 ጋላክሲ በተባለ መጽሔት ውስጥ ከዝቅተኛ የቢሮ ሥራ ተነሣች፤ በ1973 ባላንታይን የተባለ አሳታሚ ቀጠራት፤ በ1977 ዴል ሬይ ቡክስ በቤተሰቧ ስም ሥራ ጀመረ። የስታር ዋርስን መጽሐፍ ፊልሙ ከመታየቱ ወራት አስቀድማ ለአንባቢ ያደረሰች እሷ ናት። በ1986 በ43 ዓመቷ አረፈች። በዚያው ዓመት ሁጎ የተባለው የዘርፉ ትልቅ ሽልማት ሲሰጣት ባሏ ሌስተር አልቀበልም አለ፤ የሸለማችኋት ስለሞተች ነው ብሎ። የአርታኢ ሥራ በሕይወት ሳለ እንደማይታይ የእሷን ያህል የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ጆን ካምቤል ከ1937 ጀምሮ በ1971 እስኪሞት ድረስ አንድ መጽሔት ሲመራ የአሜሪካን ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ቀርጿል። ደራሲው አሲሞቭ ታዋቂዎቹ ሦስት የሮቦት ሕጎች ከካምቤል ጋር ሲወያዩ እንደተወለዱ መስክሯል። ይኸው ታላቅ አርታኢ የሳሙኤል ዲላኒን «ኖቫ» የተባለ ልብ ወለድ የመለሰው ዋናው ገጸ ባሕርይ ጥቁር ስለሆነ አንባቢ አይቀበለውም በሚል እንደነበረ ዲላኒ ራሱ ጽፎታል። እንግዲህ ነገ ማን እንደሚኖር፣ ማን መርከብ እንደሚነዳ፣ በማን ቋንቋ ትእዛዝ እንደሚሰጥ ከደራሲው ጋር የሚወስነው አርታኢው ነው። በሩ ላይ የእኛ ሰው ከሌለ ልጆቻችን ወደፊት በሚባለው አገር በእንግድነት ይገባሉ። ናይጄሪያውያን ይህን ቀድመው ተረዱት። በ2014 ማዚ ንዎንዉ እና ቺኔሎ ኦንዋሉ ኦሜናና የተባለ የአፍሪካ ሳይንሳዊ ልብ ወለድና ፋንታሲ መጽሔት ጀመሩ። አርታኢዎች ተገኙ፤ ደራሲዎቹ ከየአገሩ ተከተሉ።

እኛ ባዶ እጃችንን አይደለንም። ክብረ ነገሥት የቀዳማዊ ምኒልክ ሰዎች ታቦቱን ይዘው ሲመጡ ሠረገሎቻቸው ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ ብለው እንደተጓዙ ይተርካል። በግእዝ የተጻፈው ዜና እስክንድር ንጉሡን እስከ ምድር ዳርቻ ያደርሰዋል። አማኝ በእምነቱ ያነበዋል፤ ደራሲ መሆን የሚፈልግ ልጅ ደግሞ ድንቅ ነገር በአማኝ ፊት እንዴት እንደሚተረክ ይማርበታል። ብራና ላይ የጻፉት አባቶች በመጽሐፉ መጨረሻ የጸሐፊውን ስም አስፍረው ጸሎት ይለምኑለት ነበር። መጽሐፍ የብዙ እጅ ሥራ መሆኑን ያውቁ ነበር ማለት ነው።

በዘመናችንም ሙያው ቤት ነበረው። በዓሉ ግርማ የመጀመሪያ ልብ ወለዶቹን ይጽፍ የነበረው የመነንን፣ የአዲስ ሪፖርተርን፣ የአዲስ ዘመንን ዝግጅት እየመራ ነው፤ ጥርት ያለ አጭር ዓረፍተ ነገሩን የዝግጅት ጠረጴዛ እንደሳለለት አምናለሁ። ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በደርግ ጊዜ ደመወዝተኛ አርታኢዎች ነበሩት። አማረ ማሞ እዚያ ሠርቷል፤ ስለ ልብ ወለድ አጻጻፍ በአማርኛ መማሪያ መጽሐፍ የጻፈም እሱ ነው። ያ ቤት የመንግሥት ቤት ነበርና ከሳንሱር አልተለየም። በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው የበዓሉ «ኦሮማይ» ወዲያው ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ጠፍቶ ቀረ። ሳንሱር በ1985 ዓ.ም. በአዋጅ ሲቀር ሁላችንም ደስ አለን። ከሳንሱሩ ጋር ግን የአርታኢውም ወንበር ከቤቱ ወጣ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ሳንሱር ደራሲው ሊል የፈለገውን ያስቀርበታል፤ አርታኢ ሊል የፈለገውን በትክክል እንዲለው ይረዳዋል። ዛሬ አብዛኛው ደራሲ ራሱ ገንዘብ አሰባስቦ፣ ራሱ ማተሚያ ቤት ሄዶ፣ ራሱ አከፋፋይ ይፈልጋል። የወረቀት ዋጋ ሲንር መጀመሪያ የሚቀነሰው የአርትዖት ክፍያ ነው።

አንባቢ የለም የሚሉኝ አሉ። በእኛ አቆጣጠር በ2000ዎቹ መጀመሪያ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» የጣናን ገዳማትና የአሜሪካን የጠፈር ሳይንስ አገናኝቶ ሲወጣ ምን ያህል ጊዜ ደጋግሞ እንደታተመ የሚያስታውስ ሰው ይህን አይልም። ተማሪዎች ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ያነቡት ነበር። በ2015 በፈረንጅ አቆጣጠር የወጣው ክረምብስ የተባለ ፊልም ከጥፋት በኋላ ያለችን ዓለም በአማርኛ፣ በእኛው ተዋንያን፣ በእኛው ምድር አሳይቷል፤ ዳይሬክተሩ ግን ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ስትመጥቅ ተማሪዎቼ ክፍል ውስጥ ያነሡት ጥያቄ አንድ መድበል ይሞላ ነበር።

የይፋት ልጅ ለፋንታሲ ሩቅ መሄድ የለበትም። በአሥራ ሦስተኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ የወላስማ ሥርወ መንግሥት የተነሣው ከዚሁ ነው። የኖራ፣ የአስበሪና የመሳል ፍርስራሽ ከተሞች፣ የቆሙ የመስጊድ ግድግዳዎች፣ ቁጥቋጦ የዋጣቸው መንገዶች ዛሬም በቆላው ላይ አሉ። እሑድ ሰንበቴ ገበያ የወጣ ልጅ አርጎባውን፣ አማራውን፣ ኦሮሞውን፣ አፋሩን በአንድ ሜዳ ላይ በየቋንቋው ሲገበያይ ያያል። ይህን እያየ ያደገ ልጅ ስለ ፕላኔቶች ገበያ ሲጽፍ የጀግናውን ስም «ጃክ» ይለዋል። ስም የሰጠው ከሚያየው ፊልም ተነሥቶ ነው፤ አልወቅሰውም። «ለምን ጃክ?» የሚለው ሰው ግን ያስፈልገዋል።

ሌላም ምክንያት አለኝ። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል፣ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ሲገባ፣ ዛሬ የሚጽፉልኝ ልጆች ሕፃናት ነበሩ። ያዩትን በቀጥታ ጻፉ ስላቸው እስክሪብቶው አይንቀሳቀስም። ዘንዶ ስለበላው ከተማ፣ ጥላ ስለተሰረቀበት ሰፈር፣ ድምፅ ስለሚያወጣ አመድ ሲጽፉ ግን ገጹ ይሞላል። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው እጁ ለስላሳ፣ ዓይኑ ንቁ መሆን አለበት። ዘንዶው ምን እንደሆነ ልጁን ማስለፍለፍ አይገባም። ዘንዶው ከየት በኩል ገባ፣ ውሻ ጮኸ ወይ፣ እናትየው ምን ይዛ ወጣች ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ይህን ችሎታ ማንም በአንድ ቀን ስልጠና አያገኘውም። በዓመታት የሚገነባ ሙያ ነው፤ ሰው ዓመታቱን የሚሰጠው ደግሞ እንጀራ ሲሆነው ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። አሳታሚዎች ቢያንስ አንድ ቋሚ አርታኢ ቅጠሩ፤ ስሙንም ከማተሚያ ቤቱ ስም አጠገብ በመጽሐፉ ውስጥ አስፍሩ። የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበር ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ የደራሲው ቤት ነው፤ ለአርታኢውም አንድ ክፍል ይክፈትለት፤ በደራሲና በአርታኢ መካከል የሚፈረም የውል ናሙና ያዘጋጅ። ዩኒቨርሲቲዎች፣ ቅርባችን ያለው ደብረ ብርሃንም ጭምር፣ ለአማርኛ ተማሪዎቻቸው አርትዖትን በተግባር ያስተምሩ፤ ተማሪው ለመመረቂያው የአንድ ወጣት ደራሲን ረቂቅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብሮ ይሥራ። ጋዜጦችም ለሳይንሳዊ አጭር ልብ ወለድ በወር አንድ ገጽ ስጡ፤ አርታኢ ይመደብለት፤ ለደራሲውም ለአርታኢውም ይከፈል።

አንተም ረቂቅህን በስልክህ ይዘህ የምትዞር ወንድሜ፣ አንቺም በደብተር የጻፍሽው እህቴ፣ ማተሚያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ለአርታኢ ስጡት። ለኅትመት ከያዛችሁት ገንዘብ ድርሻውን አስቀድማችሁ ለዩለት። የጻፈላችሁን ጥያቄ አንድም ሳትዘሉ መልሱ፤ መልስ ያጣችሁለት ገጽ ካለ ኅትመቱን አቆዩት።